አንገት እስኪጠና፦ ለአራስ ልጅ ማዘያ ስለ መምረጥ

በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል



ከእኔ በፊት በዚህ መድረክ የቆሙ መምህራን ስለ ድልድይ፣ ስለ ግድብና ስለ ባቡር ሐዲድ ተናግረዋል። እኔ የምናገረው ሦስት ኪሎ ስለማይሞላ ሸክም ነው። ርእሱን ለአስተባባሪዎቹ ባቀረብኩ ጊዜ አንዱ ባልደረባዬ ፈገግ ብሎ፣ «ይህስ የእናቶች ጉዳይ እንጂ የመካኒክስ ጉዳይ ነው እንዴ?» አለኝ። ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት እሞክራለሁ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልናዘዝ። በተማሪ ቤት ሃያ ዓመት ስለ ኃይልና ስለ ሚዛን ሳስተምር የኖርኩ ሴት፣ በገዛ ልጄ ላይ የኃይልን አቅጣጫ ስቼ ነበር። የዛሬው ንግግሬ ከዚያ ስሕተት የተወለደ ነው።

የምኖረው በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ በገላን ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሕንፃችን ሊፍት የለውም። ከቤቴ በር እስከ ምድር ሰባ ሁለት ደረጃ እቆጥራለሁ። ከዚያ በኋላ ኮብልስቶን፣ ከኮብልስቶኑ ቀጥሎ አቧራማ መንገድ፣ ከመንገዱ በኋላ የታክሲ ሰልፍ አለ። ልጄ ስትወለድ ወዳጆቼ አዋጥተው ባለ አራት ጎማ የሕፃን ጋሪ አመጡልኝ። ስጦታው የፍቅር ነበር፤ ነገር ግን ጋሪው አንድም ቀን ከደረጃው አልወረደም። ዛሬ በረንዳ ላይ የልብስ ዘንቢል ተሸክሞ ቆሟል። በከተማችን ዳርቻ እንዲህ ባሉ ሕንፃዎች ውስጥ ለሚኖር ቤተሰብ ልጅን በገላ ላይ መሸከም ግዴታ ነው። የሚመረጠው የመሸከሚያው ዓይነት ብቻ ነው።

ለአራስ ጥየቃ እናቴ ከመንዝ መጣች። ከቅቤውና ከገንፎው እህል ጋር አንድ የተጠቀለለ ቆዳ ይዛ ነበር። ስትፈታው በዛጎል ያጌጠ አንቀልባ ሆነ፤ እኔ ራሴ ታዝዬ ያደግሁበት ነው። ቆዳው ጠቁሯል፤ ማንገቻው አንድ ቦታ ላይ ተጠግኗል። እኔ ግን ልጄ ከመወለዷ በፊት ከመርካቶ የፋብሪካ ማዘያ ገዝቼ ነበር፤ ዘለበት ያለው፣ ስፖንጅ ያለው፣ ሣጥኑ ላይ የምትስቅ እናት የተሳለችበት።

«እማዬ፣ ይኼ እኮ ዘመኑ አልፎበታል» አልኳት።

«እኔስ መች አሁን እዘያት አልኩሽ? አንገቷ ይጥና እንጂ» አለችና አንቀልባውን ግድግዳው ላይ ሰቀለችው።

ያኔ ልብ ብዬ አልሰማኋትም። ልጄ በተወለደች በዘጠነኛው ቀን ዓይኗ ቢጫ መሰለኝና ወደ ጤና ጣቢያ ልወስዳት ተነሣሁ። በአዲሱ ማዘያ ደረቴ ላይ አደረግኋት፤ ዘለበቱን ቆለፍኩ፤ ፀሐይም ዓይንም እንዳያገኛት ነጠላዬን ከላይ ጣል አደረግሁባት። ሰባ ሁለቱን ደረጃ ወረድኩ። እናቴ ከኋላዬ ትከተለኝ ነበር። ከጊቢው በር ስንደርስ፣ «ምነው ዝም አለች?» አለችኝ። «ተኝታለች» አልኳት። እናቴ መልስ ሳትሰጠኝ ነጠላውን ገለጠችው።

ልጄ በማዘያው ውስጥ ቁልቁል ሰምጣ ነበር። ጀርባዋ ጎብጦ፣ አገጯ ደረቷ ላይ ተጣብቆ፣ ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር። እናቴ በሁለት ጣቷ አገጯን ቀና አደረገችው። ልጄ አንድ ረጅም ትንፋሽ ሳበች፤ ከዚያም አለቀሰች። በሕይወቴ እንደዚያ ልቅሶ ደስ ያሰኘኝ ድምፅ የለም።

ማታ ቤት ስንመለስ የማዘያውን ማስታወሻ ወረቀት ፈልጌ አነበብኩ። «ከ3.5 ኪሎ ጀምሮ» ይላል። ልጄ 2.8 ኪሎ ነበረች። ወረቀቱ አልዋሸኝም። ለማንበብ ያልፈለግሁት እኔ ነበርኩ። «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» የሚባለው ለእንደኔ ዓይነቷ ነው።

አሁን ወደ መካኒክሱ ልግባ። በዚያ ደረጃ ላይ የሆነው ምንድን ነው?

አዲስ የተወለደ ሕፃን ጭንቅላት የቁመቱን ሩብ ያህላል፤ የኋላ ክፍሉም ጎላ ያለ ነው። ይህን ክብደት የሚሸከሙት የአንገት ጡንቻዎች ግን ገና አልጠኑም። መተንፈሻ ቧንቧው ጠባብና ለስላሳ ነው። ስለዚህ ጀርባው ሲጎብጥ ጭንቅላቱ ወደ ፊት ይወድቃል፤ አገጩ ደረቱ ላይ ሲያርፍ ቧንቧው እንደታጠፈ የውኃ ጎማ ይጠባል። ትልቅ ሰው ቢሆን ቀና ይላል። አራስ ልጅ ቀና ሊል አይችልም፤ ለመጮኽም አየር ያስፈልገዋል። አደጋው በዝምታ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ዝምታው ደግሞ እንቅልፍ ይመስላል።

ሁለተኛው መንገድ የአፍንጫና የአፍ መሸፈን ነው። ልል የሆነ ጨርቅ የሕፃኑን ፊት ከእናቱ ደረት ጋር ሲያጣብቀው፣ ወይም እንደ እኔ ነጠላ ከላይ ሲደረብበት፣ አየር ያጥረዋል። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ በትከሻ ላይ ከሚንጠለጠሉ የጨርቅ ማዘያዎች ጋር በተያያዘ በቀደሙት ሃያ ዓመታት 14 ሕፃናት መሞታቸውን ገልጿል። ከእነዚህ 12ቱ ከአራት ወር በታች የሆኑ ናቸው። ቁጥሩ ከሚታዘሉት ሕፃናት ብዛት አንጻር ጥቂት ነው፤ ግን እያንዳንዱን ማስቀረት ይቻል ነበር። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ፣ ክብደታቸው ያነሰና የታመሙ ሕፃናት የበለጠ ተጋላጭ ስለሆኑ፣ እነርሱን በማዘያ ከማድረግ በፊት ሐኪም ማማከር ይገባል።

እዚህ ላይ የእናቴን ቃል ላስታውሳችሁ። «አንገቷ ይጥና።» ይህ አባባል በየገጠሩ የምንሰማው ነው፤ እኔም እንደ ተራ ልማድ ነበር የማየው። ውስጡን ስንመረምረው ግን ትክክለኛ የንድፍ መስፈርት ነው። ጀርባ ላይ ያለ ልጅ ለአዛዩ አይታይም፤ አንገቱን ራሱ ካልያዘ የሚይዝለት የለም። ስለዚህ አያቶቻችን በመጀመሪያዎቹ ወራት በክንድ ያቅፋሉ፤ ልጁ ጭንቅላቱን መሸከም ሲችል ወደ ጀርባ ያወጡታል። መለኪያቸው የቀን መቁጠሪያ ሳይሆን የልጁ አንገት ነው። ከሣጥኑ ላይ ሥዕል ይልቅ የእናቴ መለኪያ የተሻለ ነበር።

ለአንቀልባ ሌላም ምስጋና ይገባዋል። የአራስ ልጅ የዳሌ መጋጠሚያ ሲወለድ በአብዛኛው ልም አጥንት ነው፤ የጭኑ አጥንት ጫፍ በጎድጓዳው ውስጥ በትክክል ሲቀመጥ ጎድጓዳው በዚያው ቅርጽ ያድጋል። ጭኖቹ ወደ ጎን ተከፍተው፣ ጉልበቶቹ ከመቀመጫው ከፍ ብለው ሲታጠፉ ይህ ይሳካል። እግሮቹ ቀጥ ብለው ተጠፍረው ሲጠቀለሉ፣ ወይም በጠባብ ማዘያ ቁልቁል ሲንጠለጠሉ፣ አጥንቱ ከቦታው የመውጣት ዕድሉ ይጨምራል። በጃፓን ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ የሕፃናትን እግር ዘርግቶ መጠቅለል እንዲቀር በተደረገ ዘመቻ የዳሌ ውልቃት በእጅጉ ቀንሷል። በማላዊ የአጥንት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በአሥር ዓመት ውስጥ ሆስፒታላቸው ካስተናገዳቸው ከ40 ሺህ በላይ ልጆች መካከል በዚህ ችግር ቀዶ ሕክምና የተደረገለት አንድም አልነበረም። ሐኪሞቹ ምክንያቱ በጀርባ የማዘል ልማድ ሊሆን እንደሚችል ገምተዋል። ግምት ማስረጃ አይደለም፤ ተማሪዎቼ ይህን ልዩነት እንዲጠብቁ እፈልጋለሁ። ግምቱ ግን ስለ ልጁ አካል ከምናውቀው ጋር የሚስማማ ነው።

ከልጁ ቀጥሎ የአዛዩ ሰውነት አለ። አራት ኪሎ የሚመዝን ልጅ ወደ 39 ኒውተን የሚጠጋ ክብደት አለው። የልጁ የክብደት ማዕከል ከእናቱ አከርካሪ 10 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ፣ ጀርባዋን ወደ ፊት የሚያጎብጠው ሞመንት 3.9 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ማዘያው ላልቶ ልጁ 25 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ ግን ወደ 9.8 ያድጋል። ልጁ አንድ ግራም አልጨመረም፤ የእናቱ ጀርባ ግን ከሁለት እጥፍ በላይ ይሠራል። ምቾት ማለት ይህ ነው። ከስፖንጁ ውፍረት ይልቅ ጥብቅ ቅርበት፣ ሰፊ ማንገቻ፣ ክብደቱን ለትከሻና ለወገብ ማካፈል ይበልጣል። በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ደግሞ የወገብ ቀበቶው ቁስሏ ላይ የሚያርፍ ከሆነ፣ ያ ማዘያ ምንም ያህል ቢመሰገን ለእርሷ አይሆንም።

ደረጃውንም አንርሳ። ልጅ ደረት ላይ ሲሆን እናት እግሯን አታይም። ማዘያ እጅን ነፃ ያደርጋል የሚባለው እውነት ነው፤ ነፃ የሆነው እጅ ግን በመጀመሪያ የደረጃውን መደገፊያ መያዝ አለበት። እኔ አሁን በአንድ እጄ ዘንቢል፣ በሌላው መደገፊያ ይዤ ነው የምወርደው፤ ሁለት ዘንቢል ካለኝ ሁለት ጊዜ እመላለሳለሁ። አንድ ነገር ከወለል ለማንሣት ከወገብ አልጎነበስም፤ በጉልበቴ ዝቅ እላለሁ፤ አንድ እጄም በልጁ ጀርባ ላይ ይሆናል። ምጣድ ፊት፣ ጀበና አጠገብ፣ ታዝሎ የሚቆም ሕፃን መኖር የለበትም። ማዘያ የመኪና መቀመጫ አለመሆኑንም በየታክሲው የምንሳፈር ሰዎች ማወቅ አለብን፤ በግጭት ጊዜ ልጁን አይጠብቀውም።

እንግዲህ ለአራስ ልጅ የትኛው ይመረጥ? ሦስቱን በየተራ እንያቸው።

አንቀልባ ለአራስ አይሆንም፤ አንገት ሲጠና ግን ጭኖችን ከፍቶ፣ ክብደትን ከጀርባ አጠጋግቶ የሚይዝ መልካም ዕቃ ነው። ቆዳው አየር አያስገባም፤ እንደ ጨርቅም አይታጠብም። እነዚህ ደካማ ጎኖቹ ናቸው።

የፋብሪካ ማዘያ ለመልበስ ቀላል ነው፤ ብዙዎቹ ግን ከ3.2 ወይም ከ3.5 ኪሎ በታች ለሆነ ልጅ አልተሠሩም። ከ2.5 ኪሎ በታች የተወለደ ልጅ ክብደቱ ያነሰ ይባላል፤ በዚያና በ3.5 ኪሎ መካከል ያሉት ሕፃናት ጤናማ ናቸው፤ ማዘያው ግን ይሰፋቸዋል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ዝቅተኛውን ክብደት ማንበብ፣ መቀመጫው ከአንዱ ጉልበት እስከ ሌላው የሚደርስ መሆኑን መለካት፣ ለአራስ የሚጠብ ማስተካከያ እንዳለው ማየት ያስፈልጋል። አራስ ልጅ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ የሚያስቀምጥ ማዘያ ምርጫ ውስጥ መግባት የለበትም።

ሦስተኛው ረጅም የጨርቅ ማዘያ ነው። ከአራት ሜትር ተኩል እስከ አምስት ሜትር የሚረዝም፣ አየር የሚያስገባ፣ በጥብቅ የተሸመነ የጥጥ ጨርቅ ለማንኛውም የልጅና የእናት መጠን ይስማማል። አስተሳሰሩን መማር ግን ጊዜ ይጠይቃል፤ በትራስ ወይም በአሻንጉሊት መለማመድ ይሻላል። ነጠላ ለዚህ ሥሥ ነው፤ ሲጎተት ይላላል። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ በገላን የቀትር ፀሐይ ልጁን ያሞቀዋል። ማዘያው ራሱ አንድ ልብስ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። ሦስቱን ካመዛዘንኩ በኋላ ለአራስ የምመርጠው ይህን ነው።

የትኛውም ቢሆን ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት የምትፈትኑት በአምስት ነገር ነው። ፊቱ ዓይናችሁን ዝቅ ስታደርጉ ይታያችኋል? ራሱን ለመሳም አንገታችሁን ትንሽ ብቻ ዝቅ ማድረግ ይበቃል? በአገጩና በደረቱ መካከል ሁለት ጣት ይገባል? ጉልበቶቹ ከመቀመጫው ከፍ ብለዋል? እጃችሁን በጀርባው ላይ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ስትጫኑ ወደ እናንተ የሚጠጋ ከሆነ ማዘያው ልል ነው፤ ይጠበቅ። በማዘያው ውስጥ ጡት ያጠባች እናትም ልጁ ሲጨርስ ወደ ቀድሞ ከፍታው፣ ቀና ወዳለው አቀማመጥ ትመልሰው። ፈተናው ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። እኔ በዚያ ቀን አንዱንም አልፈተንኩም።

ፊትን ስለ መሸፈን በተለይ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በሰፈራችን በየቀኑ የማየው ነው። እናቶች ልጁን ከፀሐይ፣ ከነፋስ፣ ከዓይን ለመጠበቅ ፊቱን በነጠላ ይሸፍናሉ። በእምነታቸው አልከራከርም፤ ልጅን ለመጠበቅ ያለው ፍላጎት የተቀደሰ ነው። ግን ከሸፈንነው የማናየው እኛ ራሳችን ነን። ራሱን በቆብ፣ ፀሐዩን በጃንጥላ መከላከል ይቻላል። አፍንጫው ለአየር፣ ፊቱ ለእናቱ ዓይን ክፍት ይሁን።

ስለ አደጋው ይህን ያህል ስናገር ማዘልን የምቃወም እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1986 በካናዳ ሞንትሪያል በተደረገ ጥናት፣ ከሌሎቹ በበለጠ ታቅፈው የዋሉ ሕፃናት በስድስተኛው ሳምንት ላይ ልቅሷቸው በ43 በመቶ ያነሰ ነበር። ከዚህም የሚከብድ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ቦጎታ፣ ማሞቂያ መሣሪያ ያጠራቸው ሐኪሞች ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን በእናቶቻቸው ደረት ላይ ገላ ለገላ ማኖር ጀመሩ። ይህ የካንጋሮ እንክብካቤ ይባላል። በአዲስ አበባ ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ዶክተር አሳዬ ካሴ ይህንኑ ገና ሕፃናቱ ሳይረጋጉ በመጀመር ፈትነውት፣ ክብደታቸው ያነሰ ሕፃናት በተሻለ ቁጥር መትረፋቸውን እ.ኤ.አ. በ2005 አሳትመዋል። ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ የተካሄደ ሰፊ ጥናት፣ እንክብካቤው ከተወለዱበት ሰዓት ሲጀመር የሞት ስጋትን በ25 በመቶ እንደሚቀንስ አረጋገጠ። በ2022ም የዓለም ጤና ድርጅት ምክሩን በዚሁ መሠረት አሻሻለ። በሐኪም ክትትል የሚደረገው ይህ እንክብካቤ እኔ በደረጃው ላይ ካደረግሁት የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ የሕፃኑ አንገት ቀና ብሎ፣ ፊቱ እየታየ ይታሰራል። ያው ደረት፣ ያው ጨርቅ፣ አንዱ ሕይወት ይሰጣል፤ ሌላው ሊነጥቅ ይችላል። ልዩነቱ የጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው፤ የምህንድስና ጉዳይ ነው ያልኩትም ለዚህ ነው።

በመጨረሻ ለተማሪዎች አንድ የቤት ሥራ ልተው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አን ሙር የተባለች አሜሪካዊት ነርስ በቶጎ በሰላም ጓድነት ስታገለግል እናቶች ልጆቻቸውን በጨርቅ ሲያዝሉ አየች። አገሯ ተመልሳ ለገዛ ልጇ ተመሳሳይ ነገር ለመሥራት ሞከረች፤ ከዚያም «ስናግሊ» የተባለው የፋብሪካ ማዘያ ተወለደ። ዛሬ እኛ በመርካቶ የምንገዛቸው የፋብሪካ ማዘያዎች የዚያ ዘመዶች ናቸው። ከአፍሪካ እናት ጀርባ የተነሣው ዕውቀት ዓለምን ዞሮ በዘለበት ታስሮ ተመልሶልናል፤ ሲመለስ ግን «ከ3.5 ኪሎ ጀምሮ» የሚል ጽሑፍ ይዟል። ለ2.8 ኪሎ ልጅ፣ ለሰባ ሁለት ደረጃ፣ ለኮብልስቶን የሚሆነውን ማን ይንደፍ? ሸማኔው አለ፤ ጥጡ አለ፤ የሚለካውን ነግሬአችኋለሁ። ስትነድፉ ግን መጀመሪያ ወደ እናቶች ሂዱና ጠይቁ። የሚነግሯችሁን እንደ ተረት ሳይሆን እንደ ውሂብ መዝግቡት፤ ፊት እንደ መሸፈን ያለውንም ሳትፈሩ ፈትኑት። እኔ እናቴን አንድ ጥያቄ ብጠይቃት ኖሮ ያ ጠዋት ባልሆነ ነበር።

በአምስተኛው ወር ልጄ በሆዷ ተኝታ ጭንቅላቷን ቀና አድርጋ ግድግዳውን ማየት ጀመረች። እናቴ ዳግመኛ ከመንዝ መጥታ ነበር። አገጯን በጣቷ ነካ አደረገችው፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስትዞር ተመለከተቻት። ከዚያም ተነሥታ አንቀልባውን ከተሰቀለበት አወረደችው።

«አሁን እዘያት» አለችኝ።